ቁርጭምጭሚቴ የተገመገመበት አርብ

ቦንጋ ውስጥ ቁልቁለት ስወርድ ያያችሁኝ ሰዎች «ይሄ ሰውዬ ድሮ ወታደር ነበር እንዴ?» ብላችሁ ታውቁ ይሆናል። አልነበርኩም። ጥይት ቀርቶ ርችት እንኳ ተተኩሶብኝ አያውቅም። ቀኝ ጉልበቴን የበላው መረብ ኳስ ነው። እውነቱን እናውራ ከተባለ ደግሞ መረብ ኳስና የገዛ ውሸቴ ተካፍለው ነው የበሉት፤ ትልቁን ድርሻ የወሰደው ውሸቴ ነው።

ያኔ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነበር። ቢታ ገነት የተመደብኩ የቡና ባለሙያ ነኝ። የመሥሪያ ቤቴን ስም አልጠራም፤ ዛሬም እንጀራዬን የምበላው ከዚያው ነው። ባለቤቴ አስቴር ደግሞ በዚያው መሥሪያ ቤት የዞኑ ቢሮ፣ ቦንጋ፣ ጸሐፊ ነበረች። ትዳራችን የሚኖረው በአይሱዙ ላይ ነበር ማለት ይቻላል። በየሁለት ሳምንቱ ከጭነት ላይ ተሰቅዬ እመጣለሁ፤ ዝናብ ከጣለ መንገድ ላይ አድራለሁ፤ ቅዳሜ ደርሼ እሁድ እመለሳለሁ። አስቴር የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ሆና ውኃ ከቦኖ ብቻዋን ታመጣለች። ሦስት ጊዜ የዝውውር ማመልከቻ አስገብቼ ሦስቴም «በትዕግሥት ይጠባበቁ» ተብያለሁ። ልጅ ግን በትዕግሥት አይጠባበቅም።

እግዜር ሲያድለኝ ረጅም አድርጎ ፈጥሮኛል። የዞኑ ቢሯችን ኃላፊ አቶ ደጀኔ ደግሞ በሕይወታቸው አንድ ቁስል ነበረባቸው። በመሥሪያ ቤቶች የመረብ ኳስ ውድድር ዋንጫውን ሁልጊዜ የሚወስዱት የጤና ባልደረቦች ናቸው። ወስደውም በመስታወት ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጠውታል፤ አቶ ደጀኔ ለስብሰባ ወደዚያ በሄዱ ቁጥር ያዩታል፤ አይተው ሲመለሱ እኛን ይሰድቡናል። አንድ ቀን ጠሩኝና፦

«አዳነ፣ ዋንጫውን አምጣ፣ ደብዳቤህን ውሰድ» አሉኝ።

የዝውውር ደብዳቤዬን ራሷ አስቴር ጻፈችው። መሳቢያ ውስጥ ተቀመጠ። የቀረው ፊርማና ማኅተም ብቻ ነው። ባሏን ወደ ቤቱ የሚያመጣ ወረቀት መሳቢያ ውስጥ እያለ እሷ ከመሳቢያው በላይ ተቀምጣ ስለ ማዳበሪያ ስርጭት ስትጽፍ ትውላለች።

ውድድሩ ሊጀመር ሦስት ሳምንት ሲቀረው እስከ ፍጻሜው ቦንጋ ቆይቼ ልለማመድ ስመጣ መኪናው ሺሺንዳ ላይ ለምሳ ቆመ። እኔ ጎረምሳው መሰላል አልጠብቅም ብዬ ከጭነቱ ላይ ዘለልኩ። ግራ እግሬ ያረፈው ድንጋይ ላይ ነው። ቁርጭምጭሚቴ ዞረ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ድንች አከለ።

እዚያው ያሉ ሰዎች ወጌሻ ጋ ወሰዱኝ። ሰውዬው አሽተው፣ ጠምዝዘው፣ እናቴን ካስጠሩኝ በኋላ፣ «አንድ ወር መዝለል የለም» አሉኝ።

«አባቴ፣ ያለኝ ሦስት ሳምንት ነው።»

«ታዲያ እኔ ጋ ምን ልታደርግ መጣህ? ካላንደር ሻጭ ጋ አትሄድም?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራዬ መደበቅ ሆነ። ከአቶ ደጀኔ ደበቅሁ፤ ካወቁ ሌላ መቺ ይተኩብኛል፣ ደብዳቤውም ይቀራል። ከጋሽ ወልዴ ደበቅሁ፤ ጋሽ ወልዴ የአስተዳደር ክፍሉ ሹምና የቡድናችን አቀባይ ናቸው፣ ኳሷን አንስተው የሚሰጡኝ እሳቸው ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ አፋቸው ግን ክዳን የለውም። ከአስቴር ደግሞ ከሁሉም በላይ ደበቅሁ። በጨርቅ ጠፍንጌ ሁለት ካልሲ እደርብበታለሁ። ከቤት ስወጣ እስከ ጥጉ ድረስ ቀጥ ብዬ እሄዳለሁ፤ ጥጉን ስታጠፍ አነክሳለሁ። «እግርህን ምን ሆነህ ነው?» ስትለኝ «ምንም» እላለሁ። ያቺን «ምንም» በቀን አሥር ጊዜ ያህል ሳልላት አልቀርም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እመኑኝ። ሜዳ ውስጥ እንደ ድሮዬ የምጫወት ይመስለኝ ነበር። ያመኛል፣ ችዬዋለሁ፣ አለቀ። ወንድ ልጅ ጥርሱን ከነከሰ እግሩ እንደ ወትሮው የሚታዘዘው ይመስለኝ ነበር። እግሬ ግን እኔን ሳያማክር የራሱን ውሳኔ ወስኖ ኖሯል።

ሐሙስ ዕለት በግማሽ ፍጻሜው ከመምህራን ጋር ተጫወትን። አሸነፍን፤ እንዴት እንዳሸነፍን ግን ለማውራት ያሳፍራል። ስመታ መረቡን እመታለሁ። ወደ ግራዬ የመጣችው ኳስ ሁሉ አጠገቤ ትወድቃለች። መምህራኑ በመጨረሻ ደክሟቸው ተሸነፉልን። ቅዳሜ ፍጻሜው ከጤናዎቹ ጋር ነው። ማታውን ከተማው ውስጥ ወሬ ተነዛ፦ «አዳነን ጤናዎቹ ገዝተውታል።»

ያን ዘመን የሚያውቅ ያውቃል፤ ዝናብ ቢቀር ግምገማ ነው፣ ሻይ ቤቱ ስኳር ቢያጣ ግምገማ ነው። አርብ ከሰዓት በኋላ አቶ ደጀኔ አስቸኳይ ግምገማ ጠሩ። አሥራ አንድ ሰው ተቀመጠ። እኔ ብቻዬን በአንድ በኩል። ቃለ ጉባኤ ያዥ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? አስቴር! ሆዷን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ፣ እስክሪብቶዋን ከፍታ፣ አንዴም ወደ እኔ ሳታይ።

አቶ ደጀኔ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «በሐሙሱ ጨዋታ በአቶ አዳነ በኩል የታዩ ድክመቶችን ያለ ምንም ይሉኝታ እንገመግማለን። መድረኩ ክፍት ነው።»

መጀመሪያ የተነሳው የንብረት ክፍሉ ሰው ነው። ከኔ ጋር ምሳ የበላ፣ ያውም በኔ ወጪ። «እኔ ያየሁት፣ አቶ አዳነ ለመዝለል ሲነሱ ባንድ እግራቸው ብቻ ነው የሚነሱት። ይኼ ጉልበት መቆጠብ ነው። የሕዝብን ጉልበት መቆጠብ ደግሞ ኪራይ ሰብሳቢነት ነው!»

አስቴር እስክሪብቶዋን አነሳች። «ይቅርታ ሰብሳቢ፣ ለቃለ ጉባኤው ግልጽ እንዲሆን፣ በየትኛው እግር?»

«በቀኙ።»

«በቀኙ» እያለች ጻፈች።

ቀጥሎ ሾፌሩ ተነሳ። «ሲያርፍም እንደዚያው ነው። ድሮ በሁለቱም እግሩ ነበር ዱብ የሚለው። ሐሙስ ዕለት ቆጥሬያለሁ፣ ሁሌ ቀኙን ነው የሚያስቀድመው። መኪና ባንድ ጎማ ሲሄድ ታይቶ ይታወቃል?»

«ጉልበቱ ሲያርፍ ይታጠፋል ወይስ ቀጥ ይላል?» አለች አስቴር።

ሾፌሩ ግራ ገባው። «ይኼ ደግሞ ምን ይሠራል?»

«ቃለ ጉባኤው የተሟላ እንዲሆን ነው።»

«ቀጥ ይላል። ወደ ውስጥም ዘመም ይላል መሰለኝ።»

እሱንም ጻፈች። እኔ በላብ ተጠምቄ «ይቺ ሴት ከማን ወገን ናት?» እያልኩ አስባለሁ። አሥራ አንድ ሰው ሲቀጠቅጠኝ ሚስቴ ቀዳዳውን ትጠቁማቸዋለች! ሂሳብ ሹሙ ተነስቶ ኳስ በግራዬ ሲመጣ አንድ እርምጃ እንደምዘገይ ተናገረ። «ሁልጊዜ ነው ወይስ ሲደክመው?» አለች። «ከመጀመሪያው ጀምሮ» አላት። በመጨረሻ ጋሽ ወልዴ እያዘኑ ተነሱ።

«እኔ ኳስ አንስቼ ስሰጠው የሚያየው ኳሷን አይደለም፤ የሚያርፍበትን መሬት ነው። እንዲህ ዓይነት ነገር ሦስት ሳምንት ይሆነዋል። ከዚያ በፊት ሰማይ ሰማዩን የሚያይ ልጅ ነበር።»

«ሦስት ሳምንት» አለች አስቴር ቀስ ብላ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ። እኔ ጣራውን አየሁ።

አቶ ደጀኔ አጠቃለሉ። «እንግዲህ ችግሩ የአቅም ሳይሆን የአመለካከት መሆኑ ተረጋግጧል። በተለይም በግራ በኩል ሰፊ የአመለካከት ችግር ታይቷል። አቶ አዳነ፣ ግለ ሂስ?»

እውነቱን ለመናገር ሁለት ቃል ይበቃኝ ነበር። እግሬን አሞኛል። አፌ ድረስ መጣ። ዓይኔ ግን ደብዳቤዬ ያለበት መሳቢያ ላይ አረፈ። ተነሳሁና «ድክመቴን ሙሉ በሙሉ ተቀብያለሁ፤ ነገ በተግባር አርማለሁ» አልኩ። አጨበጨቡልኝ። አገሬ ሰው እግሩን ሳይሆን አመለካከቱን አመመኝ ሲል የሚያጨበጭብለት አገር ነው።

ወደ ቤት ስንሄድ አስቴር መሐል መንገድ ላይ ቆመች።

«አዳነ፣ እግርህን ምን ሆነሃል?»

«ምንም።»

«አሥራ አንድ ሰው ያየውን እኔ አላየሁም እንዴ? ነገ አትጫወት።»

«ልጁ ሲወለድ የት ልሁን? ቢታ ልሁን?»

«ልጁ ሲወለድ በእግርህ ቁም ነው የምልህ።»

«እቆማለሁ። አንድ ቀን ናት።»

ዝም አለች። እኔ ያሸነፍኩ መሰለኝ። ባለትዳሮች፣ ሚስታችሁ ዝም ስትል ያሸነፋችሁ እንዳይመስላችሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ከመድኃኒት ቤት የሕመም ማስታገሻ ገዛሁ። ሻጩ «ምንህን አመመህ?» ሲለኝ «ጥርሴን» አልኩት፤ እንግዲህ መዋሸት ከጀመርኩ አይቀር። አንድ ዋጥኩ፣ ለጥንቃቄ ሁለተኛ ጨመርኩ። እኩለ ቀን ላይ ቁርጭምጭሚቴ ጸጥ አለ። ብነካው የለም፣ ብረግጠው የለም። በደስታ ላብድ! ጓሮ ወጥቼ ብቻዬን ጨፈርኩ። ሕመሙ ሄዷል፣ ስለዚህ የድሮው አዳነ ተመልሷል ብዬ ደመደምኩ። ስሌቴ ይህ ነበር።

ሜዳው ሞልቷል። ጠዋት የዘነበው ዝናብ አልፎ ቀዩ ጭቃ ጠፈፍ ብሏል፤ መስመሩ በአመድ ተሰምሯል። አስቴር ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ከፊት ተቀምጣለች። አቶ ደጀኔ ክራቫት አስረው መጥተዋል፤ ዋንጫ ሲቀበሉ ፎቶ ለመነሳት ነው።

የመጀመሪያውን ዙር አሸነፍን። ጨፈርን። በሁለተኛው ግን ከመረቡ ማዶ አንድ ሰው ያየኝ ጀመር። ታሪኩ ይባላል፤ የጤና መኮንን ነው፣ አራት ቁጥር ለብሷል። ኳሷን ትቶ እግሬን ያያል። ከዚያ ወደ ጓደኞቹ ዞሮ አንድ ነገር ተናገረ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ኳስ ሁሉ በግራዬ ይዘንብ ጀመር። ልቤ ወደ ግራ ሲል እግሬ ይዘገያል። አያመኝም እኮ! ምንም አያመኝም! ግን እግሬ ሰው እንደመታው ውሻ ይሸሻል። ሁለተኛውን ዙር ወሰዱ።

ሦስተኛው ዙር ላይ እኩል ለእኩል ሆንን። ጋሽ ወልዴ አንድ ኳስ አነሱልኝ፤ እንዲህ ያለ ኳስ በዕድሜ አንዴ ነው የሚመጣው። «አዱ!» አሉ። ተነሳሁ። ሙሉ በሙሉ ተነሳሁ። መታሁ፤ ኳሷ ታሪኩን አልፋ አመዱ ላይ አረፈች። ሕዝቡ «ጀግና!» እያለ ጮኸ። እኔ ገና አየር ላይ ነኝ፣ ደብዳቤዬ ሲፈረም ይታየኛል።

ያረፍኩት በቀኝ እግሬ ብቻ ነው። ጉልበቴ ቀጥ እንዳለ፣ ዘመም ብሎ፣ ልክ ሾፌሩ እንዳለው። ውስጡ ቀጭ አለ። ድምፁን እኔ ብቻ ሳልሆን ጋሽ ወልዴም ሰምተውታል፤ እስከ ዛሬ ሲያነሱት ፊታቸውን ያኮሳትራሉ። መሬት ላይ ወደቅሁ። የምጮኸው ጩኸት የኔ አልመስል አለኝ።

«ተነሳ እንጂ! አርማለሁ አላልክም?» ይላሉ አቶ ደጀኔ።

መጀመሪያ የደረሰልኝ ታሪኩ ነው፣ በመረቡ ሥር ሾልኮ። ጉልበቴን ያዘ፣ ወዲህ ወዲያ አደረገው፣ ፊቱ ተለወጠ። ተሸክመው ዛፍ ሥር አስቀመጡኝ። ጨዋታው ያለ እኔ ቀጠለ፤ ተሸነፍን፤ አቶ ደጀኔ ክራቫታቸውን እየፈቱ ወደ መኪናቸው ሄዱ።

ታሪኩ ጠየቀኝ። «ከዚህ በፊት ያመመህ እግር አለ? ቁርጭምጭሚት? ዳሌ?»

ታምኑኛላችሁ? ጉልበቴ ተበጥሶ፣ ደብዳቤዬ ቀርቶ፣ መዋሸት ምንም የማይጠቅምበት ሰዓት ላይ ቁጭ ብዬ፣ «ምንም» አልኩ።

አስቴር ቦርሳዋን ከፈተች። ማታ በንጹሕ የገለበጠችውን ቃለ ጉባኤ አወጣች። ቆማ፣ በቢሮ ድምጿ፣ አነበበችው። «ተራ ቁጥር አንድ። አቶ አዳነ ለመዝለል የሚነሱት በቀኝ እግራቸው ብቻ መሆኑ። ተራ ቁጥር ሁለት። ሲያርፉ ቀኙን የሚያስቀድሙ መሆኑ፣ ጉልበታቸው የማይታጠፍና ወደ ውስጥ የሚዘም መሆኑ። ተራ ቁጥር ሦስት። ወደ ግራ አንድ እርምጃ የሚዘገዩ መሆኑ። ተራ ቁጥር አራት። ከሦስት ሳምንት ወዲህ የሚያርፉበትን መሬት የሚያዩ መሆኑ።»

ታሪኩ ወረቀቱን ተቀበላት። «ይኼን የጻፈው ሐኪም ማን ነው?»

«የንብረት ክፍል፣ ሾፌር፣ ሂሳብና አስተዳደር» አለችው።

ግራ ካልሲዬን አወለቀ፣ ሁለተኛውንም አወለቀ፣ ጨርቁን ፈታ። ቁርጭምጭሚቴ ገና ጥቁር ነበር። ራሱን ነቀነቀ። «ሰውነት ሲያመው አለቃውን አያስፈቅድም። የታመመውን እግር ይሸሽጋል፣ ሸክሙን በጤነኛው ላይ ይጥላል። ጤነኛው ደግሞ ያለ ልማዱ ሲሸከም ይሰበራል። አንተ የምትጫወተው ባንድ እግርህ ነበር።»

«ዛሬ ግን አላመመኝም! መድኃኒት ወስጄ ነበር።»

«ሕመሙ ጠፋ እንጂ እግርህ ሦስት ሳምንት የተማረውን በአንድ ቀን ይረሳል? መድኃኒቱ ያስተኛው ዘበኛውን ነው።»

«አንተስ አይተኸኝ ነበር አይደል? በሁለተኛው ዙር?»

አቀረቀረ። «አይቼሃለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም? ሐኪም አይደለህ?»

«በዚያ ሰዓት አራት ቁጥር ነበርኩ» አለ። ከዚያ ወዲያ ሃያ ጊዜ ይቅርታ ጠይቆኛል። ይቅር ብዬዋለሁ፤ ዋንጫ ያየ ሰው ሁሉ አንድ ነው።

አስቴር አጠገቤ ሣሩ ላይ ሆዷን ይዛ ተቀመጠች። «እኔ ስጠይቅህ ‹ምንም› ትለኛለህ። እነሱን ስጠይቅ ግን እውነቱ ወጣ። ምን ላድርግ? ባሌን ለማወቅ ግምገማ መጠበቅ ነበረብኝ?» አለችና አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ለጉልበቴ አልነበረም። አፈርኩ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ሰኞ ዕለት ጋሽ ወልዴ ሙዝ ይዘው ሊጠይቁኝ መጡ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው እግሬን አዩት፣ አዩት።

«ልጄ፣ ለምን አልነገርከኝም?»

«ጋሼ፣ ብነግርዎ ደብዳቤዬ ይቀርብኝ ነበር እኮ።»

«የምን ደብዳቤ ነው? የታመመ ሠራተኛ ሕክምናው ካለበት ከተማ የሚመደብበት ቅጽ አለ። ቢሮዬ ውስጥ አቧራ ይጠጣል፤ ሞልቶት የሚመጣ ሰው የለም፣ ሁሉም ጤነኛ ነኝ ነው የሚለው። ከሦስት ሳምንት በፊት ‹እግሬን አሞኛል› ብትለኝ ለጊዜውም ቢሆን አስቴር እስክትወልድ ድረስ ቦንጋ አስቀምጥህ ነበር። ኃላፊው ራሱ አይከለክለኝም።»

ቅጹን ከኪሳቸው አወጡት። የአስቴር እስክሪብቶ ነበረ፤ በሱ ሞላሁት። «የሕመሙ ዓይነት» የሚል ቦታ ላይ ስደርስ ብዙ ቆየሁ። ዝውውሬ በዚያ ቅጽ ተፈቀደ። የቁርጭምጭሚት ሕመም በነጻ ሊሰጠኝ ይችል የነበረውን ነገር ጉልበቴን ከፍዬ ገዛሁት ማለት ነው።

ልጄ ስትወለድ ቦንጋ ነበርኩ፣ በክራንች። አስቴር «በእግርህ ቁም» ያለችኝ ቀን ሲደርስ እጆቼ ሁለቱም እንጨት ይዘው ነበርና ሕፃኗን ቆሜ ማቀፍ አልቻልኩም። ተቀምጬ ነው የተቀበልኳት። ከዚያ በኋላ አንዴም ዘልዬ አላውቅም።

እናንተ ሆይ፣ ይህን የምጽፈው ጉልበቴን እንድታዝኑለት አይደለም፤ ለሱ በዝናብ ቀን እኔው አዝንለታለሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል ትሰማላችሁ። እኔ የምጨምረው በሽታውን የደበቀ መደበቂያም የለውም። አፋችሁ ምንም ቢል እግራችሁ ያወራል፣ ዓይናችሁ ያወራል፣ አረማመዳችሁ ያወራል፤ ሾፌሩም ሂሳብ ሹሙም ያነቡታል። የሚያሳዝነው አንብበውት ስሙን ሌላ ማለታቸው ነው። ያመመውን ሰው ሰነፍ፣ የተሸጠ፣ የአመለካከት ችግር ያለበት ይሉታል። ጥርሱን ነክሶ ሲጫወት ደግሞ ጀግና ይሉታል። እኔ በሁለት ቀን ውስጥ ሁለቱንም ተብያለሁ፤ ሁለቱም አላሻሩኝም።

ዛሬ ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈር ልጆችን መረብ ኳስ አለማምዳለሁ። ከመጫወታችን በፊት ዘልለው ሲያርፉ ዝም ብዬ እግራቸውን አያለሁ። ባንድ እግሩ ያረፈ ቁጭ ይላል። ይነጫነጫሉ፤ ይነጫነጩ።

ያቺ ተቀምጬ የተቀበልኳት ልጅ፣ ሊዲያ፣ አሁን ቁመቷ እኔን ልታክል ነው፤ የትምህርት ቤቷ መቺ ሆናለች። ባለፈው ሳምንት ከልምምድ ስትመለስ በረንዳ ላይ ተቀምጫለሁ። ደረጃውን ስትወጣ አየኋት፤ ሦስቱንም ደረጃ ቀኟን እያስቀደመች ወጣች።

«ሊዱ፣ ምንሽን ነው ያመመሽ?»

«ኧረ ምንም፣ አባዬ።»

ነገ ጨዋታ አላት። ከጓዳ የአስቴር ድምፅ መጣ፤ ያው የቢሮ ድምጿ ነው፣ ይኼን ሁሉ ዓመት አልተለወጠም።

«አዳነ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ አምጣ። ሊዲያ፣ ቁጭ በይ። የትኛው እግር?»

ልጄ አንዴ እኔን አየች፣ አንዴ ጉልበቴን አየች። ከዚያ ቁጭ ብላ የግራ ጫማዋን ትፈታ ጀመር።